ተከፍቷል፣ ግን የለም

ኮምፒውተር ሲበላሽ ቢያንስ ወግ ባለው መንገድ ሊበላሽ ይገባል። ሰማያዊ ስክሪን ያሳይ፣ ቀይ ምልክት ያውጣ፣ ይጩህ፣ ካስፈለገም ጥርግም ብሎ ይጥፋ። ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ያውቃል፦ ምንም አለመሆንን። የፕሮግራሙን አይከን ይጫናል። ከማውሱ ቀስት አጠገብ አንዲት ክብ ነገር ለጥቂት ሰከንድ ትሽከረከርና ትቆማለች። በቃ። ስህተት አለ ያለ የለም፣ ይቅርታ የጠየቀ የለም፣ መስኮቱም የለም።

ቀጥሎ የሚሆነው ሄልሲንኪም ሆነ ሀዋሳ አንድ ነው። ሰውየው ደግሞ ይጫናል፤ አሁን ጠንከር አድርጎ፣ ማውሱ የፊተኛውን ያልሰማ ይመስል። ከዚያ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ስክሪኑን በጥርጣሬ ያያል። ከዚያ ስልክ ያነሣል። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ስልክ የሚደወልለት፣ ለዚህ ሥራው ደመወዝ የማይታሰብለት፣ ማኪያቶ ግን የማይነፈገው አንድ ልጅ አይጠፋም።

«ስማ፣ ይሄ ነገር አልከፈት አለኝ።»

«አልከፈት ነው ያለዎት ወይስ አልታይ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

ልዩነቱ ግማሽ የሥራ ቀን ያህላል። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሙ መነሣቱ አንድ ጉዳይ ነው፤ መስኮት መፍጠሩ ሌላ ነው፤ መስኮቱ እንዲዘረጋለት መጠየቁ ሌላ፤ የተጠየቀው ክፍል እሺ ማለቱ ሌላ፤ ይህ ሁሉ ተሟልቶ መስኮቱ የሰው ዓይን በሚደርስበት ቦታ መውጣቱ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ። «ኤክስ ዊን ኢንፎ» የሚባል አሮጌ መሣሪያ አለ፤ ስለ አንድ መስኮት ሁኔታ ሲጠይቁት ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰጣል፦ አልተዘረጋም፤ ይታያል፤ ተዘርግቷል ግን ሊታይ አይችልም። ሦስተኛውን የሚመልሰው መስኮቱ ራሱ ተዘርግቶ ሳለ ያቀፈው እናት መስኮት ሳይዘረጋ ሲቀር ነው። ይህን መልስ ያነበበ ሰው ከመሣሪያው ጋር መጣላት ይቃጣዋል፤ መሣሪያው ግን እውነቱን ነው።

ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ ሊኑክስ ዝም አይልም። እንዲያውም አፉ አያርፍም። ችግሩ የሚናገረው ሰው በሌለበት መሆኑ ነው። ከእያንዳንዱ አይከን ጀርባ አንዲት አጭር የጽሑፍ ፋይል አለች፤ የፕሮግራሙ ስም፣ የሥዕሉ ስም፣ ሲጫኑት የሚፈጸመው ትእዛዝ ተጽፎባታል። ፕሮግራሙ በዚህች ፋይል በኩል ሲነሣ የሚናገረው ሁሉ፣ ስሞታውም ኑዛዜውም፣ ስክሪን ላይ አይወጣም፤ «ጆርናል» ወደሚባለው የሥርዓቱ መዝገብ ይሄዳል። ፕሮግራሙ እሪ ብሎ ሞቷል፤ እሪታውም በሰዓትና በደቂቃ ተመዝግቧል፤ ባለቤቱ ግን ያቺ ክብ ነገር ትመለስ እንደሆነ ብሎ አሁንም ቀስቷን ያያል።

ስለዚህ ያ ማኪያቶ የማይነፈገው ልጅ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከተርሚናል ነው። ጥቁሯን መስኮት ይከፍታል፣ የፕሮግራሙን ስም በእጁ ይጽፋል፣ ኢንተር ይጫናል። አይከኑ ሲደብቀው የዋለውን ተርሚናሉ በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፈዋል። ከሚዘረገፈው አብዛኛው ማንም አንብቦት የማያውቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቁም ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት መስመሮች አንዱ ላይ ይገኛል።

«ኡቡንቱ» የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት 22.04 ስሪት የወጣ ጊዜ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። «አፕ ኢሜጅ» የሚባሉ፣ አውርደው እንዲሁ በቀጥታ የሚያስነሡአቸው ፕሮግራሞች አሉ። እነሱ የሚደገፉበት «ፊዩዝ 2» የሚባለው ላይብረሪ ከዚያ ስሪት ጋር ተጭኖ አልመጣም። አይከኑን ሁለቴ የጫነ ሰው ምንም አላየም፤ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ፣ ኔትወርኩን እያማረረ፣ እንደገና አወረደ። ተርሚናል ላይ ያስነሣው ግን የጎደለው ፋይል ስም ከነማምለጫው ተነገረው። ሁለቱም የነኩት አንድ ፋይል ነው።

እርግጥ የተርሚናል መልእክት ሁሉ እንዲህ ደግ አይደለም። «ኪዩት» በሚባለው የመስኮት መሥሪያ የተጻፉ ፕሮግራሞች ሳይነሡ ሲቀሩ የሚናገሩት ዝነኛ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ኤክስሲቢ» የተባለውን ተጨማሪ ክፍል አግኝቼው ሳለ ልጭነው አልቻልኩም ይላል። አግኝቶታል። ልብ ይበሉ፣ አግኝቶታል። ታዲያ ምን ሆነ? ክፍሉ ራሱ የሚፈልጋት ሌላ ትንሽ ላይብረሪ ጎድላ ነው። ከኪዩት 6.5 ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ጎድላ የምትገኘው የማውስ ቀስትን ሥዕል የምታስተናግደው ላይብረሪ ነች። ሒሳብ የሚሠራ፣ ካርታ የሚስል፣ ፊልም የሚያርትዕ ትልቅ ፕሮግራም በአንዲት ቀስት ምክንያት ከበር ይመለሳል። ኋላ ላይ ሠሪዎቹ አዝነው መሰለኝ፣ የላይብረሪዋን ስም በመልእክቱ ላይ ጨምረውታል።

ይህ ሁሉ ክፍል ለምን እንዲህ ተበታተነ የሚል ሰው ወደ 1984 ይመለስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሊኑክስ ገና አልተወለደም። ቦብ ሻይፍለር የተባለ የኤምአይቲ ሰው ጁን 19 ቀን ለባልደረቦቹ አጭር ኢሜይል ላከ። በስታንፎርድ ከተሠራው፣ «ደብልዩ» ከሚባለው የመስኮት ሥርዓት ደህና አድርጎ ኮድ መስረቁን ራሱ አመነ፤ አሠራሩን ቀይሮ፣ በፊደል ተራ ቀጥሎ በሚመጣው በ«ኤክስ» ሰየመው። ፍጥነቱም የደብልዩን እጥፍ ያህል ይመስላል አለ። 11ኛው ስሪት በሴፕቴምበር 1987 ወጣ፤ ዛሬም የሚሠራበት «ኤክስ 11» ያ ነው። ሊቃውንት ሲሰድቡት ኖረዋል፤ በ1994 የታተመውና ዩኒክስን ለሚጠሉ ሰዎች የተዘጋጀው መጽሐፍ ለእሱ ብቻ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ስድቡን ሁሉ ግን አልፎ ኖረ።

ኤክስ የተሠራው ሥራን በማከፋፈል ነው። ፕሮግራሙ ስክሪኑን አይነካም፤ ይህን የሚያህል መስኮት ይዘርጋልኝ ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ኤክስም ጥያቄውን ራሱ አይወስንም፤ የመስኮት አስተዳዳሪ ለሚባል ለሌላ ፕሮግራም ያስተላልፈዋል። ይህ አስተዳዳሪ የሠርግ ቤት አሳላፊ ማለት ነው፤ ማን ከፊት፣ ማን ከጓሮው ድንኳን፣ ማን ከምሰሶው ጀርባ እንደሚቀመጥ የሚያውቀው እሱ ነው። እንግዳው ቦታ ሊመኝ ይችላል፤ መምረጥ ግን አይችልም። አሳላፊው ጨርሶ ባይኖር ኤክስ እንግዳውን እንዳመጣጡ ያስገባዋል፤ አሳላፊው ኖሮ የደረቀ እንደሆነ ግን እንግዳው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ በኤክስ አጠራር «ሰርቨር» የሚባለው ተጠቃሚው ፊት ለፊት የተቀመጠው ማሽን መሆኑ ነው። ሩቅ ዳታ ሴንተር ውስጥ ያለው ግዙፍ ኮምፒውተር «ክላየንት» ነው። ይህን የሰሙ የኔትወርክ ተማሪዎች ማስታወሻቸውን ሰርዘው ደግመው ሲጽፉ ኖረዋል።

ፕሮግራሙ ይህን ሰርቨር የሚያገኘው «ዲስፕሌይ» በሚባል ትንሽ አድራሻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነጥብና ዜሮ፣ ሌላ ምንም። አድራሻው ከሌለ መስኮት የለም። ሰዓት ጠብቆ ሥራ የሚያስጀምረው «ክሮን» ይህን አድራሻ አያውቀውም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የማስታወሻ መስኮት እንዲወጣለት ክሮንን ያዘዘ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚያገኘው የራሱን ዴስክቶፕ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ሰዓቱን አክብሮ ተነሥቷል፤ ዲስፕሌይ ሲያጣ ስሞታውን ጽፎ ሄዷል።

አድራሻው ቢኖርም መግቢያ ያስፈልጋል። እሱም 128 ቢት የሆነ የዘፈቀደ ቁጥር ነው፤ የተደበቀ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ መደበኛ ስሙም «ኤምአይቲ ማጂክ ኩኪ 1» ነው። ቀልድ አይደለም፤ ኮዱ ውስጥ እንዲህ ተብሎ ነው የተጻፈው። ኩኪው የሌለው ፕሮግራም «ፕሮቶኮል አልተገለጸም» የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ ስለ ኩኪ አንድም ቃል የሌለበት መልስ። ብዙ ሰው እዚህ የሚደርሰው ፕሮግራምን በማሽኑ አስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያስነሣው በ«ሱዶ» ነው። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ከሁሉ በላይ ይመስለዋል፤ ፋይል ማጥፋት፣ ዲስክ መቅረጽ፣ ማሽኑን መግደል ይችላልና። መስኮት መክፈት ሲሆን ግን የማሽኑ አስተዳዳሪ ኩኪ የሌለው ባይተዋር ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሱዶ በዚህም አያበቃም። አንዳንዱ ሰው ግራ ሲገባው ሙሉውን ኤክስ በሱዶ ያስነሣዋል። ያቺ አንድ ቀን የሠራች ዘዴ የኩኪውን ፋይል በማሽኑ አስተዳዳሪ ስም አስይዛው ትሄዳለች። በማግሥቱ ባለቤቱ ፓስወርዱን ያስገባል፤ ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ይመለስና ፓስወርዱን ይጠይቀዋል። ያስገባል፤ ይጠይቀዋል። ፓስወርዱ ትክክል ነው። ትክክል ባይሆን ኖሮ ስህተት ነው ይለው ነበር። የግል ፋይሎቹ ያሉበት ዲስክ ጢም ብሎ ሲሞላም የሚሆነው ይኸው ነው፦ ኩኪው የሚጻፍበት ቦታ ጠፍቶ ሰውየው ከገዛ ዴስክቶፑ ደጅ ይውላል።

በ«ኤስኤስኤች» ከሩቅ ማሽን መስኮት ለሚያመጡ ደግሞ የተለየ ቀልድ ተዘጋጅቶላቸዋል። ጥንቃቄ የተጨመረበት መንገድ ሲመረጥ ፈቃዱ የሚያገለግለው፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ለ20 ደቂቃ ነው። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የጠሩት መስኮት ሁሉ ይመጣል። ሰውየው ሠራልኝ ብሎ ለጓደኞቹ ያወራል፤ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል፤ አዲስ ይጠራል፤ አይመጣም። ምንም አልነካም፣ ምንም አልቀየረም፤ ቡና ብቻ ነው የጠጣው።

ከዚህ ሁሉ አምልጦ የተዘረጋ መስኮትም አይታይ ይሆናል፤ ምክንያቱም የተዘረጋው የሌለ ሞኒተር ላይ ነው። ጠዋት በስብሰባ አዳራሽ ላፕቶፑ ከፕሮጀክተር ጋር ተያይዞ ነበር እንበል፤ ፕሮጀክተሩ በቀኝ በኩል ያለ ሁለተኛ ስክሪን ተደርጎ። አንዱ ፕሮግራም እዚያ ሄዶ ነበር፤ ሲዘጋም ቦታውን መዝግቦ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ፣ ወርዱ 1366 ነጥብ በሆነ ስክሪን ላይ፣ ያው ፕሮግራም ከ1500ኛው ነጥብ ጀምሮ በደስታ ይከፈታል። ሲነሣ ይታወቃል፤ የታችኛው መደብ ላይ ስሙ አለ። ብዙዎቹ የመስኮት አስተዳዳሪዎች እንዲህ ያለውን ጎትተው ወደ ውስጥ ያስገቡታል፤ አንዳንዶቹ ግን የፕሮግራሙን ፍላጎት ያከብራሉ፤ መከባበሩ የሚጎዳው ሦስተኛውን ወገን ነው። መድኃኒቱ መስኮቱን በአልትና ታብ መርጦ፣ አልትና ኤፍ 7ን ተጭኖ፣ ማየት የማይቻለውን ነገር በግራ ቀስት እየገፉ ማምጣት ነው። ያልለመደ ሰው አጠገብ ቆሞ ሲያይ ሠራተኛው ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ አንድ ቁልፍ ብቻ ሲጫን ያገኘዋል፤ ስለ ጤንነቱም ያስባል።

ከተነቀለው ሞኒተር የሚብሰው ጭራሽ ኖሮ የማያውቀው ነው። የአንዳንድ ማሽኖች ፈርምዌር የላፕቶፕ ስክሪን ተገጥሞልኛል ብሎ ለሊኑክስ ይናገራል፤ ማሽኑ ግን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ስክሪን የሌለው ትንሽ ሳጥን ነው። ሊኑክስም የሰማውን አምኖ በዚያ ስክሪን ላይ ዴስክቶፑን ይዘረጋል፤ የፓስወርድ መጠየቂያው፣ ሜኑው፣ አዲስ የሚከፈተው ሁሉ እዚያ ይወጣል። ለኢንቴል ግራፊክስ በተጻፈው የከርነል ኮድ ውስጥ እንዲህ የሚዋሹ ማሽኖች በስም የተዘረዘሩበት ሰንጠረዥ አለ፤ የአፕል ማክ ሚኒ እዚያ ከተዘረዘሩት አንዱ ነው። ማሽኑ ያልተመዘገበለት ሰው «ኤክስ ራንደር» የሚባለውን ትእዛዝ ጽፎ የሌለውን ስክሪን በገዛ እጁ ያጠፋዋል። የሌለን ነገር ማጥፋት እንዲህ የሚያረካ አይመስልም ነበር።

ሌላው የዚህ ችግር ዘር መቆለፊያ ነው። ፋየርፎክስና ክሮም ሲነሡ በየግል ፎልደራቸው ውስጥ «እኔ አለሁ» የሚል ምልክት ያስቀምጣሉ። ሰውየው ደግሞ ሲጫን አዲሱ ያንን ምልክት ያያል፣ ለነባሩ መስኮት ክፈትለት ብሎ መልእክት ይልካል፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ይሰናበታል። ነባሩ ደህና ከሆነ መልካም ነው። ነባሩ ደርቆ ከቀረ ግን መልእክቱን የሚቀበል የለም፤ መላኩን የሚክድም የለም። የክሮም ምልክት በተለይ የኮምፒውተሩን ስምና የፕሮግራሙን ቁጥር ይይዛል። መብራት ድንገት ሄዶ ምልክቱ ሳይነሣ ይቀራል፤ በመሀል ኔትወርኩ ለማሽኑ ሌላ ስም ሰጥቶታል እንበል። ክሮም ሲነሣ ምልክቱን ያነብና ይህ ፕሮፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ይላል። ሌላው ኮምፒውተር ትናንት የነበረው ራሱ ነው። ምልክቱን ፈልጎ መሰረዝ ይበቃል፤ መጀመሪያ ግን ደርቆ የቀረ ክሮም አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው።

ሊብሬ ኦፊስ የመቆለፊያ ችግሩን አልፎ የራሱን ይጨምራል፦ የማስታወቂያ ሥዕሉ ብቅ ይልና ይጠፋል፣ ከዚያ ጸጥታ። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው የተጠቃሚው የግል ምርጫ ያለበት ፎልደር ነው፤ ስሙን ቀይሮ እንደገና ማስነሣት ያድነዋል። ፎልደሩ የሚገኘው «4» ከሚባል ፎልደር ሥር ነው። ፕሮግራሙ 5ን፣ 6ን፣ 7ን አልፎ ከ24 ጀምሮ በፈረንጅ ዓመት እየተቆጠረ ሄዷል። ፎልደሩ 4 እንደሆነ አለ።

ከሁሉ ግን የጃቫን የሚያህል የለም። ጃቫ መስኮት ሲከፍት አሳላፊው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሚያውቃቸው አስተዳዳሪዎች ስም በውስጡ ተጽፎ ተቀምጧል። አብዛኞቹ አስተዳዳሪዎች መስኮቱን በፍሬም ያቅፉታል፤ ጃቫም ይህን ጠብቆ ነው ልኩን የሚያሰላው። «ዲደብልዩኤም» እና «ኤክስሞናድ» የሚባሉት ትንንሾቹ ግን ፍሬም የሚባል ነገር አያውቁም። ጃቫ የማይመጣውን ፍሬም ሲጠብቅ መስኮቱ ይወጣል፤ ውስጡ ግን ግራጫ ባዶ። ይኖራል፣ ይታያል፣ ምንም የለበትም።

መፍትሔው የተገኘው ከመቃብር ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2003 «ሉኪንግ ግላስ» የተባለ፣ መስኮቶች እንደ ካርድ የሚገለበጡበት፣ ከጀርባቸው ማስታወሻ የሚጻፍባቸው ባለሦስት ገጽታ ዴስክቶፕ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ያየው ሁሉ አጨበጨበ፤ የተጠቀመበት ግን እምብዛም የለም፤ ፕሮጀክቱም ተዳፈነ። አስተዳዳሪው «ኤልጂ3ዲ» ይባል ነበር፤ ፍሬም አያቅፍም፤ ስሙም የሰን ልጅ በሆነው በጃቫ ዝርዝር ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ተጠቃሚዎች አስተዳዳሪያቸውን «ስሜ ኤልጂ3ዲ ነው» እንዲል የምታደርግ «ደብልዩኤም ኔም» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ያስነሣሉ። ጃቫ ይጠይቃል፤ ኤልጂ3ዲ ነኝ ይባላል፤ የድሮ ዘመዱን ያገኘ መስሎት መስኮቱን አሟልቶ ይከፍታል። ኋላ ላይ ይህን ውሸት የሚያስቀር ሕጋዊ ምርጫ ጃቫ ውስጥ ተጨምሯል፤ ስሙን ግን ከውሸቱ በላይ ለማስታወስ ይከብዳል።

አንዳንዱ መስኮት ደግሞ ይመጣል፤ ይዘገያል እንጂ። መዘግየቱ የዘፈቀደ አይደለም፤ 25 ሰከንድ ነው። ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት «ዲ ባስ» የሚባል መስመር አለ፤ ጥያቄ የላከ ፕሮግራም፣ ሌላ ካልተነገረው፣ መልስ የሚጠብቀው 25 ሰከንድ ነው። እንደ «ስዌይ» ባሉ ቀለል ያሉ ዴስክቶፖች ላይ አንድ ፕሮግራም ሲነሣ «ፖርታል» የሚባለውን አገልግሎት ስለ ምርጫዎችህ ንገረኝ ይለዋል። ፖርታሉ የተነሣው ግን ስክሪኑ የት እንደሆነ ሳይነገረው ነው፤ እሱም ይደናበራል። ፕሮግራሙ በትዕግሥት ይጠብቃል። ባለቤቱ አይጠብቅም፤ ይጫናል፣ ይጫናል። 25 ሰከንዱ ሲሞላ የተጫነውን ያህል መስኮት ተግተልትሎ ይወጣል። ማስተካከያው የስክሪኑን አድራሻ ለዲ ባስ የሚያሳውቅ አንድ መስመር ማስነሻው ፋይል ላይ መጨመር ነው፤ አንዷን መስመር ለማግኘት ግን ብዙ ሰው ከላፕቶፑ ራም ጀምሮ እስከ መብራት ኃይሉ ድረስ ሁሉን ጠርጥሯል።

አማርኛ ተናጋሪውን የሚመለከት አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። የሥርዓቱን ቋንቋ በሴቲንግ በኩል ሳይሆን ፋይል ከፍቶ በእጁ ወደ አማርኛ የቀየረ ሰው፣ የአማርኛው «ሎኬል»፣ ማለትም የቋንቋው ቅንብር፣ ማሽኑ ላይ ካልተዘጋጀ፣ የ«ግኖም» ዴስክቶፕ ተርሚናል አይከፈትለትም። ምክንያቱ ተርሚናሉ ዩቲኤፍ 8 ያልሆነ ሎኬል አልቀበልም ማለቱ ነው፤ ያልተዘጋጀ ሎኬል ደግሞ ግዕዝን ቀርቶ ፈረንሳይኛን ወደማያውቀው ወደ አሮጌው የአስኪ ዓለም ይመልሰዋል። እንግዲህ ይታሰብ፤ ስህተት የሚነበብበት መሣሪያ ራሱ ስህተት ሆኗል። የቀረው መንገድ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3ን ተጭኖ መስኮት የሚባል ነገር ወደሌለበት ጥቁር ኮንሶል መውረድና ሎኬሉን እዚያ ማዘጋጀት ነው። ያ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ቢበዛ 512 ምልክት ብቻ የሚይዝ ጠባብ ቦታ ነው፤ ያም ሆኖ ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ለእሱ ጎሃ እና ጎሃ ክላሲክ የሚባሉ የግዕዝ ፊደላት አዘጋጅቶለታል። ሁሉ ነገር በተዘጋበት ሰዓት ሀሁ የሚጽፍ ኮንሶል ማግኘት፣ ለማን እንደሚጠቅም ባይታወቅም፣ ደስ ይላል።

በ2008 ክሪስቲያን ሆግስበርግ የተባለ የሬድ ሃት ኩባንያ ሰው ይህን ሁሉ ዝብርቅርቅ የሚተካ አዲስ ሥርዓት ጀመረ። ሐሳቡ የመጣለት በማሳቹሴትስ ዌይላንድ በምትባል ከተማ በመኪና ሲያልፍ ነበርና ስሙንም «ዌይላንድ» አለው። «ፌዶራ» የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በ25ኛ ስሪቱ፣ በ2016፣ የግኖም መደበኛ ምርጫ አደረገው፤ ሌሎችም ቀስ በቀስ ተከተሉ። ዌይላንድ ላይ አሳላፊው፣ ድንኳኑና ባለቤቱ አንድ ሆነዋል፤ ፕሮግራም የት እንደሚቀመጥ መምረጥ ቀርቶ የት እንደተቀመጠም አያውቅም። ጎረቤቱንም አያይም። ለጥበቃ ሲባል ነው፤ ኤክስ ላይ ማንኛውም ፕሮግራም ሌላው ላይ የሚጻፈውን ፓስወርድ አዳምጦ መውሰድ ይችል ነበርና።

ጥበቃው ግን መስኮት ፈላጊዎችንም ዓይን አሳጣቸው። ኤክስ ላይ የተከፈተውን ሁሉ ይዘረዝር የነበረው «ደብልዩኤም ኮንትሮል» ዌይላንድ ላይ የሚያየው በማስታረቂያ በኩል የሚሠሩትን አሮጌ ፕሮግራሞች ብቻ ነው። የትኛው መስኮት አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ለመለየት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያሳፍራል። «ኤክስ አይስ» የሚባል ከኤክስ ልጅነት ዘመን የቆየ ማሳያ አለ፤ ቀስቷ ወደ ሄደችበት የሚያዩ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ናቸው፣ ሌላ ጥቅም የላቸውም። ዌይላንድ ላይ ያስነሡአቸውና ቀስቷን በየመስኮቱ ላይ ያንሸራሽሩ። ዓይኖቹ ከተከተሏት ከሥሯ ያለው መስኮት የኤክስ ነው፤ ከፈዘዙ የዌይላንድ ነው። ደመወዝ የሚከፈላቸው ኢንጂነሮች ይህን ያደርጋሉ።

ግኖም በበኩሉ ሥነ ሥርዓት ያጠብቃል። ሰው እየጻፈ ሳለ ሌላ መስኮት ከፊቱ ዘልሎ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ አዲሱ መስኮት ከኋላ ሆኖ ይከፈትና ከስክሪኑ በላይ «ዝግጁ ነው» የምትል ማስታወቂያ ብቅ ትላለች። ማስታወቂያዋ የምትቆየው አንድ ሰው ከኪቦርዱ ቀና ለማለት የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል ነው። ካመለጠች መስኮቱ የለም፤ ማለትም ከኋላ አለ።

ግኖም ላይ የመጨረሻው መሣሪያ አልትና ኤፍ 2ን ተጭኖ ኤልና ጂ የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት መጻፍ ነው። ከስክሪኑ አናት ላይ ጠቆር ያለ ሰሌዳ ይወርዳል፤ ስሙም «ሉኪንግ ግላስ» ነው፣ ከሟቹ የሰን ፕሮጀክት ጋር ግን ዝምድና የለውም። ከትሮቹ አንዷ መስኮቶችን ሁሉ ትዘረዝራለች፤ አሮጌም ሆነ አዲስ፣ ከፊትም ይሁን ከኋላ፣ ሌላ ዎርክስፔስ ላይ ተረስቶ የቀረም ቢሆን። ሰሌዳው ራሱ ብቻ ዝርዝሩ ላይ አይገኝም፤ እሱ የግኖም ሼል አካል እንጂ መስኮት አይደለም።